መጀመሪያውና መጨረሻው የእትዬ እህተማርያም

በየሰፈሩ የሥራ ጫፍ ባለቤት የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው፣ ሸራ የሚጎትተው ሌላ ነው፤ እሱ የሚመጣው የመጨረሻዋ ገመድ ስትቀር ነው። እሷን ያስርና እጁን እያራገፈ «ተከልነው አይደል?» ይላል። ሽንኩርት ሲከተፍ የሌለች ሴት ጨው ሊጨመር ሲል ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ማንኪያ ይዛ ድስቱ ላይ ትገኛለች፤ ወጡም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሷ ወጥ ነው። እግዜር እነዚህን ሰዎች የፈጠራቸው ሌሎቻችን ትዕግሥት እንድንማር ይሆናል። ታቢታ ግን አልተማረችም።

ታቢታ የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ የምትኖረው አዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ነው። ዘመኑ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» የሚለው መፈክር ከቀበሌው አጥር እስከ ሕብረት ሱቁ በር የተለጠፈበት ዘመን ነበር። የሰፈሩ የጫፍ ባለቤት ደግሞ ክብርት ወይዘሮ እህተማርያም ናቸው። በስብሰባ ላይ ጓድ እህተማርያም፣ በጎረቤት አፍ እትዬ እህተማርያም ይባላሉ። በታቢታ ሆድ ውስጥ ሌላ ስም አላቸው፤ ጸሎተኛ ሰው ስለሆነች አፍ አውጥታ አትጠራውም እንጂ።

ነገሩ የተጀመረው የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ለወታደሮች ሹራብና ኮፍያ እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ ነው። ሰው ከሙቀቱ የተነሣ ጥላ ለጥላ በሚሄድበት የአዋሳ ቀትር፣ ሴቶቹ የሱፍ ክር ጭናቸው ላይ ከምረው ላባቸውን ያፈሳሉ። ሹራብ መሥራት የሚችል ጠፍቶ ሊቀመንበሯ አስካለ ስትጨነቅ እትዬ እህተማርያም ብድግ አሉ። ባላቸው በሕይወት እያሉ፣ ዲላ ሲኖሩ፣ ከአንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ ሚስት የተማሩት ዘዴ ነበራቸው። አናጢው ሽፈራው ከሳሙና ሣጥን ጣውላ ክፈፍ ሠራላቸው፤ በክፈፉ ዙሪያ ምስማር ተደረደረበት። ክር በየምስማሩ ይጠመጠማል፤ ከላዩ ሌላ ዙር ይጠመጠማል፤ ከዚያ የታችኛው ክር በመንጠቆ ተነሥቶ ከላይኛው ላይ እየተሻገረ ይጣላል። ይኼው ሲደጋገም ከክፈፉ ሥር ሹራብ እየረዘመ ይወርዳል። ታቢታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመደችው።

ጭንቁ መጀመሪያውና መጨረሻው ነው። የመጀመሪያው ዙር በወጉ ካልተያዘ የሹራቡ ጫፍ ይንዘረፈፋል። የመጨረሻው በወጉ ካልተዘጋ ደግሞ ወይ ያን ሁሉ ድካም አንድ ሳብ ሲያደርጉት ሙልጭ ብሎ ይፈታል፣ ወይ አላስገባ ብሎ ይታነቃል። እነዚህን ሁለቱን እትዬ እህተማርያም ለማንም አላሳዩም። ክፈፉን ይቀበላሉ፣ በርጩማቸውን ያዞራሉ፣ ፊታቸውን ለግድግዳ ይሰጣሉ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው እስከ ጉልበታቸው ይጥላሉ። ከነጠላው ሥር ትንሽ መንቀሳቀስ ይታያል። ከዚያ ዞር ብለው የተጀመረውን ይሰጡሻል።

«መሃሉንማ ማንም ይሠራዋል!» ይላሉ።

እንዲህ ሆኖ አንድ ቀበሌ ሙሉ ሴት መሃል ብቻ የሚያውቅ ሆነ። ከየቤቱ ጅማሬ የሚለምን፣ መዝጊያ የሚለምን እየመጣ የእትዬ እህተማርያም በር አይዘጋም፤ ቆሎ ይዞ የሚመጣ አለ፣ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ የሚመጣ አለ። ጫልቱ፣ ፒያሳ ሱቅ ያላት ብልጥ ሴት፣ አንድ ቀን ፀጉሯን የምታስተካክል መስላ መስታወት ይዛ ከኋላቸው ተቀመጠች። እትዬ እህተማርያም ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ጫልቱ፣ ፀጉርሽ ከፊት ነው የተበላሸው፤ ወዲያ ዙሪ» አሏት። ጫልቱም ዞረች፤ ምን ታድርግ!

ነገሩ ሲብስ ስብሰባ ተጠራ። አስካለ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ጓድ እህተማርያም፣ ዕውቀትን ለብቻ ይዞ መቀመጥ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው የሚል ሂስ ቀርቦብዎታል» አለች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያሳስራል። እትዬ እህተማርያም ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ሂሱን ተቀብያለሁ። ግለ ሂስም አደርጋለሁ። ደብቄያለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ወደፊት አርማለሁ።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። በማግሥቱ ታቢታ የተስፋ ብዛት ሲያስሮጣት ክፈፏን ይዛ ሄደች። በርጩማው ዞረ፣ ነጠላው ወረደ።

«እትዬ፣ ትናንት አርማለሁ ብለው አልነበር?»

«ወደፊት አልኩ እንጂ ዛሬ መቼ አልኩ?»

ይህም ይሁን። ሰው ሚስጥር ይኑረው። የታቢታን አንጀት ያሳረረው የአብዮት በዓሉ ኤግዚቢሽን ነው። እጇ አንጓ ላይ እስኪያብጥ የሠራችው ግራጫ ሹራብ ከሁሉ ፊት ተሰቅሎ ነበር። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የመጡት እንግዳ ቆም ብለው ዳሰሱትና «ይኼ የማን ሥራ ነው?» ሲሉ ታቢታ አፏን ከፈተች። አፏን ስትከፍት እትዬ እህተማርያም ቀድመው መልሰዋል።

«የእኔ ነው። እሷ አግዛኛለች።»

አግዛኛለች! ከሥር እስከ አንገት ክንድ ሙሉ ሹራብ የሠራው ሰው አጋዥ፣ አንድ ዙር ከታች አንድ ዙር ከላይ ያደረገው ሰው ባለቤት! እትዬ እህተማርያም የተሸለሙትን ባለ አበባ ቴርሞስ ታቅፈው ሲወጡ እንኳ ዓይናቸው አላፈረም፤ «መሃሉንማ ማንም ይሠራዋል» እያሉ ለአስካለ ያስረዷታል። ታቢታ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ቴርሞሱንማ ይውሰዱት፤ ስሟን ለምን ይወስዱባታል?

በዚሁ መሃል ኩማ ተጠራ። ኩማ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አጥባ፣ አብልታ፣ ፊደል አስቆጥራ ያሳደገችው እሷ ናት። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣ። ከሄዱት ስንቱ እንደተመለሰ ሰፈሩ ያውቃል፤ ግን ማንም አይናገረውም። ታቢታ ጸሎት ቤቷ በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ አልቅሳ የምትጸልይበት ቦታ እንኳ አልነበራትም። ስለዚህ ክር ፈለገች። የራሷን ቀይ ሹራብ ፈታች፣ ክሩን አጥባ አደረቀች፣ ክፈፉን ጭኗ ላይ አደረገች። ወንድሟ የሚለብሰው ሹራብ ላይ ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው የሌላ ሰው እጅ አያርፍበትም። ማንም «የእኔ ነው፣ እሷ አግዛኛለች» አይልበትም።

እትዬ እህተማርያም ሰምተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ለኩማ ነው አሉ። አምጪው ልጀምርልሽ።»

«ይቅርብኝ እትዬ። ይኼኛው የራሴ ነው።»

«የራስሽ!» አሉ፣ ርስቱን እንደተቀማ ሰው ደንግጠው። «አንገቱንስ? እንግዲህ እሱን ጌታሽ ይዝጋልሽ!»

ታቢታ ዘዴውን ለመስረቅ እሳቸው የዘጉትን አንድ አሮጌ ኮፍያ አንሥታ ከመጨረሻው ጀምራ መፍታት ያዘች። ክሩን ሳብ ብታደርገው ሰተት ብሎ መጣ፤ ደስ ብሏት ስትስብ፣ ስትስብ፣ ኮፍያው አለቀና እጇ ላይ የተጠቀለለ ክር ብቻ ቀረ። ከየት ገብቶ በየት እንደወጣ ግን ያየችው የለም። በዚያው ንዴት የኩማን ሹራብ ጀመረችው፤ ክሩን በየምስማሩ እንዲሁ ጠምጥማ ሥራዋን ቀጠለች። ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ፣ ራት ሳይቀርብ፣ ራት ከተነሣ በኋላ፣ ሠራች። አንገቱ ላይ ስትደርስ አንዱን ቀለበት በሌላው ላይ እያሻገረች፣ እንዳይፈታ ብላ እያጠበቀች፣ አሁንም እያጠበቀች ዘጋችው። ጎተት ጎተት አድርጋ አየችው፤ አይፈታም። ተንበርክካ አመሰገነች። ኩማ ላይ አልለካችውም፤ በሽኝቱ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት ልታለብሰው ፈልጋለች።

የሽኝቱ ዕለት የቀበሌው ግቢ በሰው ጢም ብሏል። የኪነት ቡድኑ ይዘፍናል፣ እናቶች ነጠላቸውን ነክሰው ቆመዋል፣ የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ያጓራል። ታቢታ ቀዩን ሹራብ ከዘንቢሏ አወጣችው።

«እቴ፣ ይኼን ሁሉ አንቺ?» አለ ኩማ።

«ብቻዬን» አለች ታቢታ፣ እትዬ እህተማርያም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ኩማ እጆቹን በእጅጌው አስገባ፤ ራሱን አስገባ። ራሱ አንገቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገፋ፤ እንቢ አለ። ታቢታ ወደ ታች ጎተተች፤ እንቢ አለ። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ራሱ በቀይ ሱፍ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ አናቱ ብቻ በቀዳዳው ብቅ ብሎ፣ ኩማ ግቢው መሃል ቆመ። ከሹራቡ ውስጥ «እቴ፣ አፍንጫዬ!» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማል። ሰው መሳቅ ጀመረ። ካድሬው «ቶሎ በል፣ ጓድ!» ብሎ ጮኸ። መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። ታቢታ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ወንድሟን የምታይባቸው የመጨረሻ ደቂቃዎች ነበሩ፤ ፊቱን ግን በገዛ እጇ ሸፍናዋለች።

እትዬ እህተማርያም ሰውን በክርናቸው እየገፉ መጡ። ኩማን ትከሻውን ይዘው ቁጭ አደረጉትና ከመቀነታቸው መቀስ አወጡ።

«እትዬ፣ አይቁረጡት! ይፈታል!»

«ዝም በይ!» አሉ፣ እንደ ሕፃን ገሥጸዋት። የመዝጊያውን ክር ዙሪያውን ቀረጠፉት። የኩማ ፊት በርበሬ መስሎ፣ እንባና ላብ ሆኖ ብቅ አለ። ታቢታ ያን ፊት ሁለት እጇን ሰድዳ ያዘችው። የተለቀቁት ቀለበቶች ግን አፋቸውን ከፍተው ሊፈቱ ነው።

«ጣታችሁን አምጡ!» ብለው ጮኹ እትዬ እህተማርያም። «አስካለ፣ ነይ! ጫልቱ፣ አንቺም! እያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ጣት አስገቡ፤ ምስማር የለንም።»

ሴቶቹ ኩማን ከበው በአንገቱ ዙሪያ ጣታቸውን ሰገሰጉ። እትዬ እህተማርያም ከመቀነታቸው መርፌ አውጥተው ክር አስገቡበት። ነጠላቸውን ሊጎትቱት እጃቸው ወደ ትከሻቸው ሄደ፤ ታቢታ አየችው። ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ዓይኗን ያልተከለችባቸው ሴት የለችም፤ የሚዞሩበት ግድግዳም የለም። መኪናው እንደገና ጮኸ። ነጠላቸውን አውልቀው አስካለ ትከሻ ላይ ጣሉት።

«እዩ እንግዲህ! በሁለት ቀለበት ወደፊት፣ በአንዱ ወደኋላ። ክሩን ሳቢው፣ ግን አታንቂው። ወደፊት ሁለት፣ ወደኋላ አንድ። ሲጀመርም ያው ነው። አየሽ ታቢታ? ወይስ ታለቅሻለሽ?»

«አይቻለሁ» አለች ታቢታ፤ እያለቀሰችም ነበር።

አንገቱ ተዘጋ። ኩማ አውልቆ ለበሰው፣ ያለ ችግር ገባ። እትዬ እህተማርያም እንደ ቀሚስ የተንዘረፈፈውን የታች ጫፍ አንሥተው አዩና «ይኼንንስ ማን ጀመረው!» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ካድሬው ኩማን ክንዱን ይዞ ወሰደው። መኪናው በአቧራ ውስጥ ሲሄድ ከዚያ ሁሉ ካኪ መሃል ቀዩ ሹራብ እስከ ፒያሳው መታጠፊያ ድረስ ይለይ ነበር።

ሰው ሲበተን እትዬ እህተማርያም የተረፈውን ክር እየጠቀለሉ ቆመዋል።

«ይኼን ያህል ጊዜ ለምን ደበቁን?» አለቻቸው ታቢታ። ማመስገን ፈልጋ ነበር፤ የወጣላት ግን ቁጣ ነው።

«አሁንማ አወቃችሁት» አሉ ክሩን እያዩ። «ከእንግዲህ እኔ ቤት ማን ይመጣል?»

ታቢታ ደሟ ፈላ። ይህን ቀድሞ መናገር አይቻልም ነበር? አንዲት ባል የሞተባት ሴት «ብቻዬን ነኝ፣ ኑ አጫውቱኝ» ከማለት ይልቅ አገር ሙሉ ሴት ስታስለምን፣ የሰው ስም ስትወስድ፣ ቴርሞስ ስትሸለም ትኖራለች? ምን ዓይነት ልብ ነው! እየተናደደች ቤቷ ገባች፤ ቤቷ ውስጥ ደግሞ የኩማ አልጋ ነበር። ተቀምጣ አየችው። ብቻውን የቀረ ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባት።

ከዚያ ወዲያ ሴቱ ሁሉ በየቤቱ ጀማሪም ዘጊም ሆነ። የእትዬ እህተማርያም በር ቀኑን ሙሉ ዝግ ሆኖ ይውላል። ታቢታ ከሥራ ስትመለስ በዚያ በኩል ስታልፍ እንደማታይ ሆና አለፈች፤ ደግማም አለፈች። አንድ ቅዳሜ ግን ያልተዘጋ ኮፍያ ከነክፈፉ ይዛ በሩን አንኳኳች።

«ምነው?» አሉ እትዬ እህተማርያም በበሩ ቀዳዳ። «አሳይቼሽ የለ?»

«ጠፋኝ እትዬ» አለች ታቢታ። «ወደፊቱ ስንት ነበር?»

እትዬ እህተማርያም አተኩረው አዩዋት። ውሸቷን ነው፤ ያውቃሉ። እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች። «እናንተ ጴንጤዎች አትዋሹም ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ታቢታ በሕይወቷ እንዲህ ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሽታ አታውቅም። ማታ ተንበርክካ ንስሐ ገባች። በማግሥቱ ሌላ ኮፍያ ይዛ ሄዳ ደግማ ዋሸች።