የእትዬ ብርቄ ማሳ ወዴት ሄደ?

ዘንድሮ ባለበት የሚቆም ነገር ጠፋ አይደል? ዋጋው ይሮጣል። ወጣቱ ይሰደዳል። መብራቱ ሄዶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሄዶ ይቀራል። አንዲት የማትነቃነቅ መሬት ነበረችን፤ እሷም ሰሞኑን እግር አወጣች አሉ።

እኔ ዜና እወዳለሁ። ጡረታ የወጣ የሳይንስ መምህር ሌላ ምን ይወዳል? ቅዳሜ ቅዳሜ ከደባርቅ ወደ ዳባት ገበያ ስወርድ አንዲት ጠላ ቤት ጎራ እላለሁ። ስልኬን አወጣና የዓለሙን ሁኔታ ለሕዝቡ አብራራለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ዕውቀት ግን እስኪጠየቅ ከጠበቀ መቼ ይነገራል?

አፋር ላይ እሳተ ገሞራ ፈነዳ የተባለ ሰሞን ጠላ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። አመዱ ባሕር ተሻግሮ ህንድ ደረሰ ብዬ አነበብኩ። ባለጠላዋ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«የኔ ልጅ ፓስፖርት ይዞ መተማን አላለፈም፤ አመድ ያለ ፓስፖርት ህንድ ገባ?» አሉ።

ፓስፖርት የሳይንስ ጉዳይ አይደለም ብዬ ወደ መሬቷ ጉዳይ አለፍኩ። ምድር ከሥሯ ትንቀሳቀሳለች፣ የአገራችን ምሥራቁ ክፍል ቀስ እያለ ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው፣ አንድ ቀን በመካከሉ ባሕር ይገባል አልኩ። ባሕር ሲባል ሰው ሁሉ ነቃ። መቼ ነው አሉኝ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው አልኳቸው። ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አንስተው፣ «ግድ የለም፤ እስከ ዛሬ ከተገባልን ቃል ሁሉ ይኸኛው ይቀርባል» አሉ።

እዚያ ጠላ ቤት ከማይጠፉት አንዱ ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ የመንደሬ ልጅ፣ ብርቱ ገበሬ ነው። መንደራችን በዳባትና በደባርቅ መካከል ገደል አፋፍ ላይ ናት። ማሳዎቻችን ከመንገዱ ጀምረው ተራ በተራ ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የጥጋቡ አለ። ከእሱ ቀጥሎ የእትዬ ብርቄ አለ። ከእሳቸው ቀጥሎ ከአባቴ የወረስኳት የእኔ ማሳ አለች፤ እኔ ከተማ ስለምኖር ምርቱን ለእኩል እየተካፈልኩ ነው የማሳርሳት። ከዚያ ወዲያ ገደሉ ነው። ከገደሉ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሰዎች ወደ ጨረቃ ሊመለሱ እየተዘጋጁ ነው የሚል ዜና አነበብኩ። ጥጋቡ ጥያቄ አለኝ አለ። ተማሪ ሲጠይቅ ደስ አይልም?

«የመጀመሪያዎቹ ሄደው ምን ሠርተው መጡ?»

«ባንዲራ ተከሉ። ድንጋይ ይዘው ተመለሱ።»

«ችካል ተክለው ድንጋይ ነቀሉ ይበሉኛ!»

«ለምርምር ነው እንጂ ጥጋቡ።»

«ኧረ ተዉኝ መምህር! ችካል ተክሎ ድንጋይ የሚነቅል ሰው ምን እንደሚፈልግ እኔ አጣዋለሁ?»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ ግን ገበሬው ለጠፈር ምርምር ባሳየው ፍላጎት ልቤ ተነክቶ አንድ ጠላ ጨመርኩለት።

ደግሞ የቦኖው ነገር አለ። መንደራችን የውኃ ቦኖ ተሠርቶላት ነበር። ሪባኑ ሳይቆረጥ ግንቡ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ለምረቃ የመጡት ሹም ስንጥቁን አዩ፣ እኛም እሳቸውን አየን። አንድ ሰው ሲሚንቶው የት ገባ ሊል ገና አፉን ሲከፍት ሹሙ ቀደሙት። አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና ላይ ናት፣ ይህ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው፣ ምድር ተንቀሳቅሳለች አሉ። አጨበጨብን። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ሳይንስ ሲጠራ እጄ በራሱ ይነሳል። ሲሚንቶውም ከምድር ጋር ወደ ምሥራቅ ተጉዟል ማለት ነው። ክፉ ሰዎች ግን ጉዞው ተቋራጩ አዲስ ባሠራው አጥር ላይ አብቅቷል ይላሉ። ለክፉ ሰው ምን ይደረጋል?

ያን ዕለት ጥጋቡ አላጨበጨበም። ከኋላ ተቀምጦ ያስብ ነበር።

ብዙም አልቆየም፤ የእርሻ ወቅት ሲገባ እትዬ ብርቄ በጠዋት ወደ ማሳቸው ወጡ። እትዬ ብርቄ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያች የገብስ ማሳ በቀር ምንም የሌላቸው ሴት ናቸው። ዓመቱን የሚገፉት በእሷ ነው። ሲያዩ በእሳቸውና በጥጋቡ ማሳ መካከል የነበረችው የሣር ወሰን ታርሳለች። የወሰኑ ድንጋይ ደግሞ የቀንበር ርዝመት ያህል ወደ እሳቸው ማሳ ገብቶ ተተክሏል። እትዬ ብርቄ ጮሁ። ጥጋቡ ሞፈሩን እንደያዘ ረጋ ብሎ፣ «እኔ አልነካሁም። መሬት ናት የሄደች። መምህርን ይጠይቁ» አላቸው።

እንግዲህ በሚስትና በርስት ዋዛ የለም። በእኛ አገር ለአንዲት ትልም ስንት ቤት ተዘግቷል! የእትዬ ብርቄ አማች ዱላውን ቅቤ መቀባት ጀመረ ሲባል መንደሩ ደንግጦ ሽማግሌ ይቀመጥ አለ። ጥጋቡ እኔን መረጠ። እትዬ ብርቄ የደብራችንን መሪጌታ መረጡ። የመሀል ሽማግሌ አባባ ወርቁ ሆኑ። አባባ ወርቁ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ጠባይ ብቻ አላቸው፤ መጨረሻ የተናገረው ሰው ሁሌም ልክ ይመስላቸዋል።

እዚያው ወሰኑ ላይ ተቀመጥን። መሪጌታ ጀመሩ። የባልንጀራውን ወሰን የሚያፈርስ ርጉም ይሁን ይላል ኦሪቱ አሉ። አባባ ወርቁ፣ «እውነት ነው» አሉ።

ጥጋቡ ተነሣ። «ርግማኑ የሚያፈርስን ነው፤ እኔ አላፈረስኩም። ምድር ወደ ምሥራቅ እየሄደች ነው። ማሳዬም አብራ ስትሄድ ድንጋዩን ይዛው ሄደች። ይኸው ነው።» አባባ ወርቁ፣ «እውነት ነው» አሉ።

«ስማ ጥጋቡ» አሉ መሪጌታ፣ «በቅሎ ስትሄድ ጭነቷን ለብቻው አስቀድማ ትልካለች?»

«ዳገት ላይ ጭነት ይንሸራተታል፣ መሪጌታ።»

«የታረሰውስ ሣር?»

«ሲንሸራተት ተገለበጠ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ይህ የሕይወቴ ትልቁ ቀን ነበር። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ መሬት ትንቀሳቀሳለች ስል ከመስኮት ውጪ ሲያይ የኖረ መንደር ዛሬ አፌን ያያል! ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የጥጋቡን ጠባይ ባላውቅም ሳይንሱን አውቃለሁ አልኩ። ምድር ትሄዳለች። ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች። ይህን ሹም በአደባባይ መስክረውበታል፣ ቦኖው ምስክር ነው። ባንድ ሰው እንባ የምድር ጉዞ አይቆምም አልኩ። ይቺን የመጨረሻዋን ስናገር ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

አባባ ወርቁ፣ «እውነት ነው» አሉ። ሁለት ለአንድ ሆነ። ጥጋቡ ፈገግ አለ። አማቹ ዱላውን ጨበጠ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

እትዬ ብርቄ ያለቅሳሉ ብለን ስንጠብቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እግዜር ይስጣችሁ፤ ፍርዱን ተቀብያለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞረው፣ «አንተ፣ ዱላህን አስቀምጥና ነገ በሬዎቹን ጥመድ» አሉት።

«ምን ላርስ?»

«የእኔን ነዋ። መሬት ወደ ምሥራቅ ከሄደች የእኔ ምን አጥፍታ ትቀራለች? እሷም ሄዳለች። እከተላታለሁ።»

«ወዴት ነው የሚከተሏት?» አልኩ እኔ፣ እንደ ሳይንስ ሰው ጉዳዩ ገርሞኝ።

«ከእኔ ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል የማን ነው መምህር?»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

«እና የእኔስ?» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ቅድሙ አልወፈረም።

«የእርስዎማ ገደሉ ውስጥ ገብታለች። እሱን ከጭላዳዎቹ ጋር ይጨርሱ። እነሱም ጎፈሬያም ጎፈሬያም ሽማግሌዎች አያጡም።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ እንዳይሳሳት። አንዳንድ ሰዎች መምህሩ ለማሳው ሲል ቃሉን አጠፈ ይላሉ። ሐሰት ነው። የተማረ ሰው አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ሐሳቡን ያሻሽላል። ለእኔም በዚያች ቅጽበት አዲስ ማስረጃ መጣልኝ። ዜናው መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ይል እንደነበር ትዝ አለኝ። ምድር በዓመት የምትሄደው የሰው ጥፍር የሚያድገውን ያህል ነው ይላል። ቅድም ያልጠቀስኩት የሽማግሌዎችን ጊዜ ለመቆጠብ ነው። ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ደግሞም፣ አልኩ፣ የሚሄደው ወዲያ አፋር በኩል ያለው ነው፤ የእኛ ባለበት ነው። አፋር ሩቅ ነው። እጅግ ሩቅ ነው።

አባባ ወርቁ፣ «እውነት ነው» አሉ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «ጥጋቡ፣ ልጄ፣ እስቲ ጥፍርህን አሳየን።»

ጥጋቡ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«አሳይ እንጂ! የቀንበር ርዝመት ያለው ጥፍር ካለህ ማሳው ያንተ ነው።»

አማቹ እጁን ይዞ ወደፊት አወጣው። ጥፍሩ እንደማንኛችንም ጥፍር አጭር ነው። ሥሩ ግን በወሰኑ ድንጋይ ዙሪያ የተቆፈረው ዓይነት አዲስ ቀይ አፈር ሞልቶበታል። የእትዬ ብርቄ ማሳ ወዴት እንደሄደች ታወቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉ ረዘም አድርጌ ሳቅሁ። አባባ ወርቁ ሳቁንም ደግፈው «እውነት ነው» አሉ።

ጥጋቡ ወሰኑን እንዲመልስ፣ እትዬ ብርቄንም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት። ለይቅርታው ሌላ ድንጋይ አላስፈለገም። ሲሄድ በራሱ የሄደው ድንጋይ ሲመለስ በሰው ጀርባ ተመለሰ። እትዬ ብርቄም፣ «ይቅር ለእግዜር» ካሉ በኋላ ድንጋዩን በእግራቸው መታ መታ አድርገው አጠበቁት። ጥጋቡ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «መምህር፣ ሳይንስዎ ከዳኝ» አለኝ። ሳይንስ አይከዳም አልኩት። እስከ የት ድረስ እንደሚሠራ ማወቅ ነው ዋናው። ለምሳሌ ሹሙ ያውቃሉ። ቦኖው እንደተሰነጠቀ አለ፣ ለእሱ ሽማግሌ የተቀመጠም፣ ጥፍሩን አሳይ የተባለም የለም።

እኔ ዛሬም ዜና አነባለሁ። ምድር ትሂድ፣ አልቃወምም፤ ብቻ ጉዞዋ ከማሳዬ በመለስ ይብቃ። እሁድ እሁድ ከመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ግን በገደሉ በኩል ያለውን ወሰኔን ማየት ጀምሬያለሁ። ባለፈው እሁድ ጭላዳዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ሣሩን በጥፍራቸው እየነጩ ይበሉ ነበር። አንዱ ጎፈሬያም ቀና ብሎ አየኝና ዞር ብሎ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ማሳ ገባ።

ዜና ሰምተው መሆን አለበት። ጥፍራቸው ደግሞ ከጥጋቡ ይረዝማል።