በስሜ የተጠራው የአሸዋ እንስሳ

ስም ካላወጡለት በቀር ነገር ሁሉ ያለ የማይመስላቸው ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ቴፒ ውስጥ ጎረቤቴ መምህር ታምሩ እንዲህ ነው። ቡና ጭኖ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር የባሕር አሸዋ በጠርሙስ ያመጣለታል፤ እሱ በማይክሮስኮፕ እየፈለገ ማንም ያላወቃቸውን ደቃቅ እንስሳት ይሰይማል።

አንድ ቀን ጠራኝና "ይሄኛውን በስምህ ሰይሜዋለሁ" አለኝ። ስም አስጠሪ ልጅ ለሌለኝ ሰው ይሄ ቀላል ነገር ነው እንዴ? አጎንብሼ አየሁት። የአሸዋ ቅንጣት ሙጭጭ አድርጎ ይዟል።

"ለምን አይንቀሳቀስም፣ መምህር?"

"ሞቷላ! ሳይሞት መች ይመዘገባል? ሲደነግጥ ያገኘውን እንዲህ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል።"

ቀና ስል ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ሙጭጭ አድርጌ ይዤዋለሁ። መምህር ታምሩ እጆቼን ትክ ብሎ አየና እስክሪብቶውን አነሳ።