የአሥራ ሦስቱ አድራሻ ጠባቂ

በየመሥሪያ ቤቱና በየዕድሩ፣ ደህና የተቀመጠ ነገር ካልነካካ ቀኑ የማይመሽለት ሰው አይጠፋም። ናይሮቢ ለምንኖረው የደረሱን ክቡር ጋሽ ካሣሁን ናቸው።

ምግብ ቤት ሲገቡ ሜኑውን ገልብጠው «ይሄ መቼ የታተመ ነው?» ይላሉ። ሃያ ዓመት ወደኖሩበት ኢምባካሲ ሲሄዱ እንኳ ማታቱ የሚባለውን ሚኒባስ ረዳት መንገዱን ሳይጠይቁ አይቀመጡም። «ትናንት ልክ የነበረ ዛሬም ልክ ነው ያለህ ማነው?»

ዌስትላንድስ ባለው የኢንተርኔት ድርጅታችን በዚሁ ጠባያቸው እንጀራ ይበላሉ። የድረ ገጽ ስም ስትጽፉ ኮምፒውተሩ አድራሻውን ጠያይቆ ነው የሚደርስበት። የመጠያየቁ መነሻ ሥር ሰርቨር የሚባሉት ናቸው፤ አሥራ ሦስት ስም አላቸው። አድራሻቸውን የያዘች ትንሽ ፋይል እኛም ጋ አለች። ጋሽ ካሣሁን ወር በገባ ቁጥር አዲሱን ቅጂ አውርደው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ከአሮጌው ጋር በጣታቸው እየጠቆሙ ያስተያያሉ። ብዙ ጊዜ ለውጥ የለም።

አንድ ጊዜ ግን የአንዱ አድራሻ ተቀየረ። አሮጌውም ለጊዜው ይመልስ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። እዚሁ ናይሮቢ ያደገው ባልደረባችን ኢዮኤል ሳቀባቸው። «ምዜ፣ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም ጋሼ! አሥራ ሁለቱ አሉ እኮ።»

«አሥራ ሁለት ጎረቤት አለኝ ብለህ የአሥራ ሦስተኛውን ለቅሶ ትቀራለህ?» አሉትና ፋይሉን ቀየሩ።

የዕድራችንም የስልክ ዝርዝር በእሳቸው እጅ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይደውላሉ። «የእህትህ የአጸደ ቁጥር ያው ነው?» ቶሎ እንዲለቁኝ «ያው ነው» እላለሁ።

አምና ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ጣለኝ። ራሴን ስቼ ሆስፒታል ስገባ ኪሴ ውስጥ የተገኘው የዕድሩ ካርድ ብቻ ነበር፤ በእሱ ለጋሽ ካሣሁን ደወሉላቸው። ስነቃ አጸደ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ለቀዶ ሕክምናው የፈረመችው እሷ ናት። ቁጥሯን ከቀየረች ሰባት ወር አልፏታል፤ እኔ ረስቼዋለሁ። ጋሽ ካሣሁን ግን የእኔን «ያው ነው» ሳያምኑ ደውለው፣ ሌላ ሰው ሲያነሳባቸው ቤቷ ድረስ ሄደው አዲሱን ጽፈው ኖሯል።

ባለፈው ወር መጀመሪያ እስከ ቀትር ሳይደውሉ ቀሩ። እኔው ደወልኩ።

«ጋሽ ካሣሁን፣ ደህና ነዎት?»

«ጉንፋን ነው። አንተስ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ደህና መሆንዎን ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«ጎሽ!» አሉ። «የአጸደስ ቁጥር ያው ነው?»

«ያው...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። «ይቆዩኝ ጋሽዬ፣ መጀመሪያ ልደውልላት።»