በባቡር የሄደ ሽምግልና

እኔ ባቡርን የምታዘበው በአንድ ነገር ነው፤ ሰው አይጣራም። እኛ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ስትገባ የደብረ ታቦር አውቶቡስ ረዳት ገና ከበሩ ላይ ክንድህን ጨብጦ "ታቦር! ታቦር! አንድ ሰው የቀረው!" ይልሃል። አንድ ሰው አልቀረውም፤ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ውሸቱን ታውቃለህ። ግን ተፈልገሃልና ደስ ይልሃል። መንገድ ላይ ወርደህ ከቁጥቋጦ ኋላ ብትቆይ እንኳ "ቆይ እንጂ፣ ሽማግሌው አልተመለሱም!" ብሎ ሹፌሩን የሚቆጣልህ አታጣም። ባቡር ዘንድ ይህ ሁሉ የለም። ብትመጣ መጣህ፣ ብትቀር ቀረህ። ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። ማንን ተቀይሞ እንደሚሄድ እንጃ።

እኛ አገር ባቡር የለም። ከእስቴ ስማዳ፣ ከስማዳ ጋይንት ብትዞር ሐዲድ የሚባል ብረት አታይም። ያለን ገደልና ጭቃ ነው። እኔን ባቡር ያስለመደኝ የወንድሜ ልጅ አበባው ነው፤ ድሬዳዋ ሥራ ይዞ ቀረ። አሁንማ ከመመላለሴ ብዛት ሹፌሩ ሳይቀር ያውቀኛል ብዬ ጎረቤት ፊት አወራለሁ። ውሸት ነው። የባቡር ሹፌር ፊቱም አይታይ።

ጣቢያውን የት እንደሠሩት ታውቃለህ? አዲስ አበባን ጨርሰህ፣ ቤቱ ሁሉ አልቆ፣ ሜዳ ላይ ታገኘዋለህ። ለምን ሜዳ ላይ ሠሩት ብዬ ባለ ባጃጁን ብጠይቀው "ከተማው ወደሱ ይመጣል" አለኝ። ቤተ ክርስቲያንም እኛ አገር ተራራ ላይ የሚሠራው ምእመኑ ወደሱ እንዲወጣ ነው። እንደዚያ ከሆነ ይሁን ብዬ ተውኩት።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ መጀመሪያው ጉዞዬ ነው። ያ ጉዞ ለጉብኝት አልነበረም። አበባው አንዲት የድሬ ልጅ ወደደ። አባቱ፣ ወንድሜ፣ ልጁ በእግሩ ሳይቆም ነው የሞተው፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ታዲያ አንድ ቀን ደውሎ "ጋሼ፣ አይድከሙ፤ የዚህ አገር ሰው ቀለል ያለ ነው። ከአባቷ ጋር በስልክ ላገናኝዎት" አይለኝም መሰለህ? በስልክ! ወይፈን ነው እንዴ የምንገዛው? ወይፈን እንኳ ጥርሱ ሳይታይ አይገዛም። አባት የሌለው ልጅ ያለ ሽማግሌ ሚስት ወሰደ ቢባል ሰው ምን ይላል? ሰው የለውም ይላል። እሷም ብትሆን አንድ ቀን በተጣሉ ጊዜ "ማን አለህና?" ትለዋለች። ይህን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ መሪጌታ ጥበቡን ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም አስጠራኋቸው። ቅኔ ያስተማሩ፣ አንደበታቸው የሰላ ሰው ናቸው። ሁለት ሆነን ተነሣን።

በእኛ ወግ ሽማግሌ እንዴት እንደሚጠይቅ ለማያውቅ ልንገር። ደጁ ላይ ይቆማል። ግቡ ሲባል ይገባል። ተቀመጡ ሲባል ግን አይቀመጥም፤ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል። ጉዳዩን ሳይናገር ከተቀመጠ እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ በልቶ ጠጥቶ ይሸኛል። የልጅቱ አባትም መጀመሪያ እሺ አይልም። "ልጄ ገና ናት" ይላል። "ከዘመድ ልማከር" ይላል። ያ እምቢታ አይደለም፣ አክብሮት ነው። በመጀመሪያው ቃል ልጁን የሚሰጥ ሰው ልጁ በዝታበታለች።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ፈሪ ትለኛለች፤ ልዩነቱን ሳስረዳት ደክሞኝ ትቻለሁ። ትኬቴን ከመታወቂያዬ ጋር በጨርቅ ቋጥሬ፣ ቋጠሮውን ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ በየጥቂቱ እየዳበስኩ፣ የጣቢያው በር ሳይከፈት ደረስን። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ አነበብኩ። ሽጉጥ ክልክል ነው። ጩቤ ክልክል ነው። ቤንዚን ክልክል ነው። ለመሪጌታ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "ንጹሕ ነን፤ እንግባ" አሉኝ።

ገባን። ዕቃህን በአንድ በኩል ትጥለዋለህ፣ ማሽኑ ይውጠዋል፣ በሌላ በኩል ይተፋዋል። ዳቦ ቆሎዬን በቴሌቪዥን አዩት። መሪጌታ ከነመቋሚያቸው አለፉ። እኔ ልከተል ስል አንድ ጠብደል ጥበቃ እጁን ዘረጋ።

"ፋዘር፣ ይሄ አያልፍም።"

"ምኑ?"

"ዱላው።"

የወይራ ዱላ ነው። ቅቤ የጠጣ፣ እጄን የለመደ። "የሳቸው እንዴት አለፈ?" አልኩት።

"የሳቸው የጸሎት ነው። እርስዎ ይጸልዩበታል?"

ዋሽቼ ባልፍ ማን ያውቅብኝ ነበር? ግን ለሙሽራ ጉዳይ እየሄዱ በበሩ ላይ መዋሸት ደስ አይልም። "አልጸልይበትም፤ እቆምበታለሁ" አልኩ።

መሪጌታ ከማዶ ሆነው "ልጄ፣ እኔስ በመቋሚያዬ ምን የማደርግ መሰለህ? እቆምበታለሁ እኮ!" አሉት። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ጥበቃው ግን ክፉ ልጅ አልነበረም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ፋዘር፣ ትንሽ ቢያነክሱ እኮ እናሳልፍዎታለን" አለኝ።

ላነክስ? ሚስት ልጠይቅ እየሄድኩ? እዚያ ሰልፍ ውስጥ የድሬ ሰው ሞልቷል። ወሬው ቀድሞኝ ይደርስና "የልጁ ዘመዶች አንካሶች ናቸው" ቢባልስ? የአበባው ነገር በዚያው አበቃ ማለት አይደለም? "ልጄ፣ እግሬ ደህና ነው። ስለ ዱላ የተጻፈ ነገር ካለ አሳየኝ። ከሌለ ዱላዬ ከቀረ እኔም ቀረሁ" አልኩት። ከጋቢዬ ሥር ግን ቋጠሮዬን ደጋግሜ እዳብስ ነበር። ማንም አላየም፤ ጋቢ ደግ ነገር ነው። ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፤ ያ ካለፈ የልጅቱ ቤተሰብ በቀጠሩን ቀን አንደርስም። ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ግን ያለ ዱላ የቆመ ሽማግሌ ምን ይመስላል? ዕዳ ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል።

ወደ ጣቢያው ኃላፊ ወሰዱኝ። መሪጌታም ተመልሰው ተከተሉኝ። ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት፣ ጨዋ። ብድግ ብላ "አባቴ፣ ይቀመጡ" አለችኝ።

"አንቀመጥም" አልን በአንድ አፍ። አስበንበት አይደለም፤ የለመደ አፍ ነው ያወጣው።

"ለምን?"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን። ከሩቅ አገር፣ ወንዝ ተሻግረን፣ ደጅሽን ብለን መጥተናል። የምንጠይቅሽ ነገር አለን። ሳትሰጪን አንቀመጥም።"

ኃላፊዋ ዙሪያዋን አየች። ጥበቃው ጣራ ጣራውን ያያል።

"ዱላው ነው?"

"ዱላው ነው።"

"አይቻልም፣ አባቶቼ። ይቅርታ።"

መሪጌታን አየኋቸው። አዩኝ። ደስ አለን። የመጀመሪያው እምቢታ መጣ ማለት ነው፤ ነገሩ በመልካም ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተቆጥቶ ይወጣ ነበር። እኛ ግን መረቅናት። ኃላፊነቷን፣ ወንበሯን፣ የወለዷትን ሁሉ መረቅን። ግራ ገባት።

"እሺ፣ በላይ ያሉትን ልጠይቅ" ብላ ስልክ አነሣች።

መሪጌታ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። "ከዘመድ ልማከር አለች፣ አያ ገብሬ" አሉኝ በሹክሹክታ። እውነታቸውን ነው፤ ቃል በቃል የልጅቱ አባት የሚለውን ነው ያለችው። በላይ ያሉት ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ስልኩን ዘግታ እንደገና አይቻልም አለች። እኛም እንደገና መረቅን። በዚህ መሐል ተሳፋሪዎች እንዲገቡ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ሕዝቡ ሻንጣውን እየጎተተ ሲሄድ በመስኮቱ ይታየኛል። ቋጠሮዬን ዳበስኩ። "ሂድ፣ ዱላውን ጥለህ ሂድ" ይለኛል አንዱ ሐሳብ። እግሬን ግን አላነቃነቅኩም። ወንድሜ ቢኖር የሚቆመው እሱ ነበር። እሱ ከሌለ እኔ ነኝ።

ኃላፊዋ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ሰዓቷን አየች። "ባቡሩ እኮ ጥሎዎት ሊሄድ ነው!"

"ይሂድ" አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

ያን ጊዜ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና መሳቅ ጀመረች። "ዱላው ከባቡሩ ጥበቃ ጋር ይሂድ። ድሬ ስትደርሱ ተረከቡት። አሁንስ ትቀመጣላችሁ?"

"አሁንማ ባቡሩ ውስጥ እንቀመጣለን" አሉ መሪጌታ። ጉልበቷን ሳይቀር ስመናት ሮጥን። እግሬ ደህና መሆኑን ጣቢያው ሁሉ አየ።

ስለ ባቡሩ ምን ልበልህ? ወንበሬ ወደ ኋላ የዞረ ነበር። ሰውነቴ ወደ ድሬ ይሄዳል፣ ዓይኔ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ዳቦ ቆሎዬን ፈትቼ "እንብላ" ብል ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካው ጎረቤቴ አልሰማኝም፤ ትከሻውን ነካ አድርጌ አበላሁት። ቆላው ሲመጣ ጋቢው ከበደን። መሪጌታን ግን ሙቀቱም በመስኮት የሚታየው ግመልም አልገዳቸውም። አዋሽን ካለፍን ጀምሮ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚናገሩትን ያሰናዱ ነበር። ከእግዚአብሔር ይጀምራሉ፣ ወደ አዳምና ሔዋን ይወርዳሉ፣ በአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ መሄድ ያልፋሉ፣ አበባው ጋ ይደርሳሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ሰምቼው ሁለት ጊዜ ዕንባዬ መጣ።

ድሬ ደረስን። ዱላዬን ተረከብኩ። በቀጠሮው ቀን ከልጅቱ አባት ደጅ ቆምን። አበባው ከኋላችን ነው።

ሰውዬው በሽርጥ ወጣ። "አቦ ግቡ! ግቡ! ደጅ ላይ ምን አስቆማችሁ?" እጃችንን እየጎተተ አስገባን። መሪጌታ ከእግዚአብሔር ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ። አዳም ጋ እንኳ አልደረሱም። "አባባ፣ ነገሩን እናውቃለን" አለ ሰውዬው። "ልጅቱ ወዳዋለች፣ እሱም ወዷታል፣ እኛም ወደነዋል። ሰጥተናል! አለቀ! አሁን ተቀመጡና ቀዝቃዛ ነገር ጠጡ።"

የመሪጌታ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። አበባው ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

"አንቀመጥም" አልኩ።

"ምን ጎደለ?" አለ ሰውዬው።

"ገና መቼ ጠየቅናችሁ?"

"ሰጠሁ እኮ!"

"ጋሼ!" አለኝ አበባው በጥርሱ። ፊቱን አላየሁትም፤ ባየው ልቤ ይራራ ነበር።

"ይህ ልጅ አባት የለውም" አልኩ። "ሰጥታችኋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ያለ እምቢታ የተሰጠችው ሚስት ነገ 'ማን ቆመልህ?' ብትለው ምን ይመልሳል? ከእስቴ ድረስ የመጣነው ቆመን ልንታይ ነው። እባክዎን፣ አንድ ጊዜ ይከልክሉን።"

ሰውዬው ሚስቱን አየ። ሚስቱ "በል እንግዲህ፣ አቦ፣ እምቢ በላቸው!" አለችው።

"እሺ... እምቢ!" አለ።

"ምክንያት?" አሉ መሪጌታ።

"ልጄ ገና ናት።"

ከጓዳ ልጅቱ የሳቀችው ሳቅ እስከ ውጭ ተሰማ። አስተማሪ ናት፤ እሷ ራሷ የስንት ሰው ልጅ አስተምራ አሳድጋለች። ሰውዬው ግን ነገሩ እየጣመው መጣ። ደረቱን ነፋ፣ ሽርጡን አስተካከለ። "ዘመዶቼን ሳላማክር አንድ ቃል አልናገርም! ነገ ጠዋት ተመለሱ!" ብሎ በሩን አሳየን። ቀዝቃዛውንም ሳንጠጣ ወጣን።

አበባው ውጭ ላይ ሊያለቅስ ደረሰ። "ጋሼ፣ የመመለሻ ትኬታችሁ እኮ ለነገ ጠዋት ነው! ባቡሩ አይጠብቅም!"

አይጠብቅም፤ አልጠበቀምም። በማግስቱ በሰዓቱ ሄደ። በዚያች ሰዓት እኛ ደጁ ላይ ቆመን፣ ሰውዬው በችኮላ እሺ ብሎ እንዳያዋርደን እየጸለይን ነበር።