ለአንዲት x² + 9 ሽማግሌ የላክሁ አባት

ወገን፣ ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ "ይሄን ሰውዬ የመተማ ፀሐይ መታው" ትላላችሁ።

መትቶኝ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትናንት "ፋክተራይዝ አድርጉ" የሚል የሒሳብ ሆምወርክ ይዛ ሱቅ መጣች። እኔ እዚሁ መተማ፣ ሸሕዲ ከተማ ላይ የትራክተር መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ግን በተማሪነቴ በሒሳብ አልታማም ነበር። (ማን ጠየቀህ አትበሉኝ።)

x² + 9 ላይ ስትደርስ "ፋክተር አይደረግም" ብላ ጻፈች።

"እንዴት አይደረግም? አጥፊው" አልኳት። አጠፋችው። (x + 3)(x + 3) ብዬ አስጻፍኳት።

ዛሬ ለምሳ ስትመጣ ተሰርዞባታል። ሌላ አባት ቢሆን ዝም ይላል። እኔ ምን አደረግሁ?

ሽማግሌ ያዝኩ!

እውነቴን ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው፤ ገበያው ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። ልጄ "አባዬ፣ በናትህ ተው፣ መግቢያ ታሳጣኛለህ" ብላ ለመነችኝ። አልሰማኋትም።

ክፍል ሊጀመር ሲል ደረስን። መምህሩ ገና ወጣት የጎጃም ልጅ ነው፤ ሐጂን ሲያይ ብድግ አለ። ሐጂ መረቁትና "መምህር፣ አንተም ትንሽ ልቀቅ፣ እሱም ትንሽ ይልቀቅ፣ ግማሽ ማርክ ስጣት፣ ኸላስ፣ አለቀ" አሉት።

ተማሪው ሁሉ ያየናል።

መምህሩ ጠመኔ ሰጠኝ። "እስኪ ሁለቱን ቅንፎች መልሰው ያባዟቸው" አለኝ በትህትና። ትህትናው ነው የገደለኝ።

አባዛሁ። x² + 6x + 9 ወጣ።

ይቺ 6x ከየት መጣች? ሐጂ ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ይሄ መሃል ላይ ያለው የማን ነው?" አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ ዴስኩ ላይ ተደፋች።

መምህሩን እዚያው ይቅርታ ጠይቄ ተቃቀፍን። ልጄ ግን ሲለቀቁ በሱቄ በር እንዳታልፍ በሌላ መንገድ ዞራ ገባች። አሁን ምግብ አልበላም ብላ ተኝታለች። ልክ የነበረችው እሷ ናት እኮ፤ ያስጠፋኋት እኔ ነኝ። ይሄ ነው የከበደኝ።

ሐጂን ከልጄ እንዲያስታርቁኝ እንደገና ብለምናቸው "ሒሳብ ያለበት ነገር ውስጥ አልገባም" አሉኝ።

እንግዲህ ያለ ሽማግሌ፣ ብቻዬን፣ የገዛ ልጄ ዘንድ ምን ብዬ ነው የምገባው?