«እዚህ ምንም የለም» የሚል በር

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ በመምህራን ክፍል ወንበር ላይ እንደተደገፍኩ፣ ዓለም ተገልብጣ በሕልሜ አየኋት።

ሕልሙ ሲጀምር በትምህርት ቤታችን ደጃፍ ተሰልፌ ቆሜአለሁ። ዩኒፎርም ለብሻለሁ፤ ሱሪው ከጉልበቴ አይወርድም። ከፊቴም ከኋላዬም ያሉት መምህራን ናቸው። ተማሪዎቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ስለ ኑሮ ውድነት ያማርራሉ። የአሥራ አንደኛ «ለ» አለቃ ምንታምር አርጩሜ ይዛ ጥፍራችንን ትመረምራለች።

«ደርብ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠመኔ ነው፣ ቲቸር።»

«ነገ ወላጅ ይዘህ ና!»

በዚህ ዕድሜዬ ወላጅ ከየት አመጣለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። የባሰ ጭንቀት ግን ነበረብኝ። በማግሥቱ የሚሰጠው የባዮሎጂ ፈተና በሕልሜም በውኔም ያለው እዚያው የመምህራን ክፍል ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ያ ኮምፒውተር የሁላችንም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች እየመጡ ዜናቸውን ይጽፉበታል። ባለፈው መንፈቅ ዓመት የኬሚስትሪው ፈተና ወጥቶ መምህሩ አራስ ሚስቱን ትቶ በረሃ ተልኳል። የእኔም ሚስት መውለጃዋ ደርሷል። የእኔም ፈተና ከወጣ እዚያው በረሃ ነኝ።

ሰው አላምንም፤ ይህን ማንም ይወቅልኝ። በተለይ የፊዚክሱን መምህር አየልኝን አላምንም። ሰላም ሲልህ እንኳ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ፈተናውን «የስፖርት ክበብ ዕቅድ» ውስጥ፣ እዚያ ውስጥ «ያልጸደቀ» ውስጥ፣ እዚያም ውስጥ «እዚህ ምንም የለም» ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ውስጥ ቀበርኩት። ዕቅድ ከፍቶ የሚያነብ ሰው በአገሩ የለም።

በሕልሜ የግቢው ትልቁ በር ቁልፍ በቁልፍ ላይ ተደራርቦበታል። ዘበኛው ጋሽ ሽባባው ከፊቱ ቆሟል። ልቤ ረጋ።

«ጎበዝ፣ ጋሽ ሽባባው! በዚህ ማንም አይገባም።»

«በዚህ ማን ይገባል? ሁሉም የሚገባው በግራ በኩል ነው» አለኝ።

ዞር ስል በግራ በኩል አጥር የለም። በአጥሩ ፋንታ ትናንሽ በሮች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ወዲያው አወቅኋቸው፤ ፋይል ልንከፍት ወይም ልናስቀምጥ ስንል በሚመጣው መስኮት ላይ በግራ በኩል የሚሰለፉት አቋራጮች ናቸው። አንዱ «ሰነዶች» ይላል፣ ሌላው «ሥዕሎች» ይላል። ከሁሉም በላይ ቀለሙ ገና ያልደረቀ በር አለ። «እዚህ ምንም የለም» ይላል።

ሰው ይጎርፍበታል። የሰፈሩ ዳቦ ሻጭ ሳይቀር ቅርጫቷን ይዛ ትጋፋለች።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?» አልኳት።

«እዚህ ምንም የለም ወደሚለው።»

«ምንም ከሌለ ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም የሌለበት ቦታ ይህን ያህል ከተደበቀማ፣ አንድ ነገር አለ!»

ተጋፍቼ ገባሁ። አንድ እርምጃ ብራመድ የዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ነጭ ፍየል ናት። መነጽር አድርጋለች፤ ወረቀት ታኝካለች። ማንም አልገረመውም፤ እኔም እጅ ነሣሁ።

«ክብርት ዳይሬክተር፣ የሚያኝኩት ምን ይሆን?»

«ባዮሎጂ ነው። ጨው ያንሰዋል እንጂ ደህና ነው። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ግን «ሐ» እና «መ» አንድ ናቸው።»

«አይደሉም!»

«አንድ ናቸው። ሁለቱንም በልቻቸዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። «በሩን ያበጀው አየልኝ ነው! ዓይኑን አይታችሁታል? ይያዝልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ወዲያው ፖሊስ መጣና እኔን በካቴና አሰረኝ፤ ለካ በዚያ አገር የሚታሰረው ከሳሹ ነው። ለአየልኝ ወንበር አመጡለት፣ ሻይም ቀዱለት። እሱ ሻዩን እያማሰለ በአዘኔታ ያየኝ ጀመር። አዘኔታው ይበልጥ አጠራጠረኝ።

«ማን እንዳበጀው በሩን ራሱን እንጠይቀው» አለች ፍየሏ።

በሩን ነቅለው አምጥተው ከጠረጴዛው አጠገብ አቆሙት። በሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔን እዚህ የሰቀለኝ ሰው ፈተናውን የደበቀው ራሱ ነው» አለ። «ዕቅዱን ከፍቶ፣ ያልጸደቀውን ከፍቶ፣ እንደገና ደግሞ ሌላ መክፈት ሰለቸው። ጥያቄ ማረም በፈለገ ቁጥር እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል አለና ከግራ በኩል፣ ከሁሉም በላይ አደረገኝ። ለራሱ እንዲቀለው ነው። ኮምፒውተሩ የሁሉም መሆኑን ረስቶታል።»

«ስሙን ተናገር!»

«ስሙን ብናገር ይቀየመኛል። እሱ ሰው አያምንም።»

«ይዋሻል!» አልኩ በካቴና እየተንፈራገጥኩ። «በር ይታመናል? ያስጠናው አየልኝ ነው! ይዋሻል!»

«ደርብ! ኧረ ደርብ!»

ነቃሁ። አየልኝ ትከሻዬን ይዞ ይወዘውዘኛል። አንገቴ ደርቋል፣ ሸሚዜ በላብ ርሷል።

«ምን ሆነህ ነው? ይዋሻል እያልክ ጣሪያውን አፈረስከው እኮ» አለኝ።

ዞር ብዬ ኮምፒውተሩን አየሁ። ውጤት ሞልቶ ሊያስቀምጥ ሲል ነው መሰለኝ፣ መስኮቱ እንደተከፈተ ነው። በግራ በኩል፣ ከሁሉም በላይ፣ «እዚህ ምንም የለም» ይላል።

«እሱን ነክተሃል?» አልኩት።

«እኔ? ሳምንቱን ሙሉ እዚያው አየዋለሁ። ስሙን ሳይ ያንተ መሆኑን ስላወቅሁ ዞር ብዬም አላየሁት። ነገር ትወዳለህ ብዬ ነው።»

አላመንኩትም። ተነሥቼ አቋራጩን ላጠፋው እጄን ስዘረጋ በሩ ተንኳኳ። ምንታምር ናት። ዩኒፎርሟን አስተካክላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆመች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፤ ክፍሉ በሙሉ ተስማምቶ ነው የላከኝ። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ «ሐ» እና «መ» አንድ ናቸው። ነገ የቱን እናጥቁር?»