ጋቢ የለበሰው ሞተር

ዕቃን ቸል ብሎ የሚያበላሽ ሰው ሞልቷል። እየተንከባከበ የሚያበላሽ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እስቲ ፍረዱኝ፤ የውኃ መሳቢያ ሞተርን ከእኔ በላይ ማን ተንከባከበ?

ጅጋ አጠገብ፣ ወንዙ ዳር፣ ትንሽ የሽንኩርት መደብ አለችኝ። የሳይንስ አስተማሪ ነኝና መመሪያ አነባለሁ። ጠዋት ጠዋት ዘይቱን አያለሁ፤ ሲጠቁር እቀይራለሁ። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ አራግፋለሁ። በሞተሩ ጎን የተደረደሩትን የብረት ክንፎች ሳይቀር በጥርስ ብሩሽ አጸዳለሁ። ባለቤቴ የሺ፣ ለራስህ ጥርስ እንዲህ ብትጨነቅ ኖሮ ሁለቱ ባልወለቁ ነበር ትለኛለች።

አንድ የገበያ ቀን ጎረቤታችን አያ ታደገ፣ ልጆቼን እየመረቁ ያሳደጉ ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ ቆመው ሞተሩን እያዩ፣ “ኧረ ጉድ! ይች ትንሽ ነገር ወንዙን ልትጨርሰው እኮ ነው!” አሉ። የሺ ይህን ሰምታ ኖሮ ፊቷ ጠቆረ። እግዜር ይጠብቀው እንኳ አላሉም፤ ዓይናቸው ያርፍበታል አለች።

እኔ በዓይን አላምንም፤ እንዲያውም ተከራከርኋት። ብቻ የማያምን ሰው ቢጠነቀቅ ምን ይጎዳል? በማግስቱ ሞተሩን አስነሥቼ፣ የጭስ መውጫውን ብቻ አስቀርቼ፣ ከመንገደኛ እንዲሰወር አሮጌ ጋቢ ደረብሁለትና ትምህርት ቤት ሄድሁ።

ስመለስ ጸጥ ብሏል። የማስነሻ ገመዱን ብስበው ንቅንቅ አልል አለ። ጋቢውን ማንም ሳያየኝ ጠቅልዬ ሞተሩን በባጃጅ ፍኖተ ሰላም አደረስሁት። መካኒኩ ቢፈታው ፒስተኑ ተጣብቋል። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ክንፎቹ ለዚያ ናቸው፤ ምን ደርባችሁበት ነበር? ሲል ጠየቀኝ። ምንም አልሁት።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። የሺ ለእህቷ፣ እህቷ ለወንዝ ማዶ ነግረዋል፤ ሞተሩን ዓይን መትቶታል። የማን ዓይን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትሁ። ግን ስለ ሙቀት የሚያስተምር ሰው ሞተር ጋቢ አልብሶ ገደለ ሊባል ነው! አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ሽንኩርቱ ደረቀ። ያሳዝናል፤ ግን ሽንኩርት ነው፣ ሌላ ይተከላል። አያ ታደገ ብቅ ሲሉ ግን ሰው ጥጃውን ወደ ቤት ማስገባት፣ ሕፃኑን በነጠላ መሸፈን ጀመረ። ለሽምግልናም የሚጠራቸው ጠፋ። ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልሁ፤ አፍሬም ዝም አልሁ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አያ ታደገ ጠብቀው ያዙኝ። ቀና ብለው አላዩኝም፤ የሚያወሩት ከመሬቱ ጋር ነበር። “መምህር፣ እኔስ ዓይኔ እንዲህ መሆኑን መች አውቄ! ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ስግደት ሰጥተውኛል፤ እየሰገድሁ ነው። እባክዎ ይቅር ይበሉኝ” አሉኝ።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል?

ይቅር አልኋቸው።